ንብ የገባበት መጦሪያ

ላቀች ግዛቸው የተነሳችለት ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ አባቷን ከዛፍ ማውረድ።

አባቷ አቶ ግዛቸው ሰማንያን የተሻገሩ፣ ካፋ ውስጥ ማንኪራ በምትባል መንደር የሚኖሩ ንብ አናቢ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸው ሲነሱ ይንቋቋል። የልጅ ልጆቻቸውን ሲጠሩ ትክክለኛው ስም የሚመጣው የሌሎቹን ሁሉ ጠርተው ሲጨርሱ ነው። ዛፍ ሥር ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ እርጅና መሬት ላይ ይቀራል። ገመዳቸውን ግንዱ ላይ ጠምጥመው፣ እግራቸውን ቅርፊቱ ላይ ተክለው፣ ሽቅብ ነው።

የካፋን ጫካ ላላየ ሰው ይህ እብደት ሊመስለው ስለሚችል ቀስ ብሎ ማስረዳት ይገባል፤ ደግሞም ሲያስረዱት ደስ የሚል ነገር ነው! እዚህ ቀፎ ጓሮ ውስጥ አይቀመጥም። ከግንድ ተፈልፍሎ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ረጅም ዛፍ አናት ላይ ይሰቀላል። ከላይ ጉንዳን አያስቸግረውም፣ ሌባም ሁለቴ ያስብበታል፣ አበባውም ያለው እዚያው ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን ቀፎው የሚሰቀለው ባዶውን መሆኑ ነው። ውስጡ ሽታ ባለው ቅጠል ታጥኖ ይሰቀልና ይጠበቃል። ንቡን የሚያመጣው የለም። ቃኚ ንቦች ይመጣሉ፣ ይገባሉ፣ ጥግ ጥጉን ይዞሩታል፣ ወጥተው ለወገኖቻቸው ያወራሉ። ከወደዱት መንጋው ይገባል። ካልወደዱት ቀፎው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆዱን ይንጠለጠላል። ሰው ቤት ይሠራል፤ መርጦ የሚገባው ንቡ ነው።

ባለፈው ዓመት የአቶ ግዛቸው ገመድ አምልጦ ወደቀና እሳቸው ከቀፏቸው ጋር እላይ ቀሩ። ለአንድ የተከበረ ንብ አናቢ «ድረሱልኝ» ብሎ መጮህ ውርደት ስለሆነ መዝፈን ጀመሩ። ቡና ለቃሚዎች ዘፈኑን ሰምተው ሲመጡ ቀኑ ሊጨልም ነበር።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩ፤ ነፋስ እየተቀበልኩ ነው። ገመድ የያዘ ሰው ካለ ግን ወደ ላይ ቢወረውርልኝ አልጠላም።»

ወሬው ቦንጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ላቀችም ከሰው ጋር ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቡና ለቃሚዎቹ በዚያ በኩል ባያልፉስ? አባቷ አንድ ቀን ከዛፍ ሥር ወድቀው፣ ማንም ሳያያቸው ሊቀሩ እንደሚችሉ ያን ቀን ገባት። ከዚያ ወዲህ የምትፈራው ይህን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቦንጋ ወደ ራሷ ቤት አመጣቻቸው። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ለትምህርት ወጥተዋል፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ገበያ ናት። አቶ ግዛቸው በተቆለፈ ግቢ ከግድግዳ ጋር እየተያዩ ጥቂት ቀን ታገሡ። ቀጥሎ የጎረቤት አቮካዶ ላይ ተገኙ። ከዚያ የስልክ ማማ የሚጠብቅ ዘበኛ ይዟቸው መጣ፤ ብረቱን በመዳፋቸው እየመቱ ሲዞሩት ነበር ያገኛቸው። «ቅርንጫፍ የለውም እንጂ ቁመቱ እንኳን ጥሩ ነው» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። በማግስቱ ማንኪራ ተመለሱ።

መጦሪያ ቤት የሚለው ሐሳብ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡ ገና ከአፏ ሳይወጣ ሰፈሩ ሰማው።

«ላቀች አባቷን ልትጥል ነው አሉ» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ላቀች እንድትሰማ አድርጋ።

«ነይ እንግዲህ አንቺ ከዛፉ ሥር ቁሚና ሲወድቁ ቅለቢልኝ» አለቻት ላቀች። የቆመላት አልተገኘም።

ላቀች ማር ገዢ ናት። የማር ገዢ ሙያ ባጭሩ ጨዋ አለማመን ነው። ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ሰው ሁሉ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ሳሎኑን ነው። ባልዲው ከላይ ወርቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ሰፈፍ፣ የሞተ ንብ፣ አንዳንዴም ድንች ይወጣል። ስለዚህ ላቀች ከላይ ቀምሳ አታውቅም። የተላጠች ቀጭን እንጨቷን እስከ ባልዲው ወለል ትሰድና፣ አዙራ አውጥታ፣ ጫፏን ትቀምሳለች። «ከላይ ያለው ማር ሰላምታ ነው፤ ወሬው ከታች ነው» ትላለች።

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር «ጥላ የአረጋውያን ማዕከል» የሚባል ቤት ተከፍቶ ነበር። ላቀች ቀጠሮ ይዛ ሄደች። አረጋውያኑ ነጫጭ ለብሰው በረንዳ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ኃላፊዋ ትሕትና፣ ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት፣ ስለ ስታንዳርድ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ፕሮግራም አስረዳቻት። ላቀች በጨዋነት ሰማች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። ይህ የባልዲው አናት ነበር።

በሌላ ቀን ሳትነግራቸው መጣች፤ በጓሮ በኩል፣ በማድ ቤቱ።

«ወይዘሮ ላቀች! ሪሴፕሽን እኮ በፊት ለፊት ነው!» አለች ትሕትና እየሮጠች።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ፊት ለፊቱን ባለፈው ቀምሼዋለሁ።»

እንጨቷን ከቦርሳዋ አውጥታ የገንፎው ድስት ውስጥ እስከ ወለሉ ሰደደቻት። አላረረም። ወጥ ሠሪዋ ማማሰያዋን ይዛ ቀረች፤ «ይቺ ሴትዮ የምትለካው ገንፎ ነው ጉድጓድ?» አለች። ላቀች ብርድ ልብስ አሸተተች፤ ፍራሽ ገልብጣ አየች። ከዚያ ባለፈው በረንዳ ላይ ያልተደረደሩትን ፈለገች። ጥግ ላይ ብቻቸውን የተቀመጡ እትዬ አስማ የሚባሉ የድሮ ቅቤ ነጋዴ አገኘች። ለምን እንዳልተደረደሩ ወዲያው ገባት፤ እውነት ይናገራሉ።

«እትዬ አስማ፣ ሌሊት ቢያምዎት ማን ይደርስልዎታል?»

«ሰብሃት።»

«ሠራተኛ ነው?»

«ምን ሠራተኛ! እንደኔ ያረጀ ነው፤ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እንቅልፍ የሚባል አልፈጠረበትም። ነርሷን ቀስቅሶ ያመጣታል። ባልታመምም ያመጣታል። ጣጣው ከመጣ በኋላ አለመሄዱ ነው።»

አንድ ፈተና ቀረ፤ እሱም የንብ አናቢ ልጅ ብቻ የምታስበው ነው። የቀፎን ጤና ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። ጎኑን መታ አድርጎ ጆሮን ማስጠጋት ይበቃል። ጤነኛ መንጋ ወዲያው «ማነው!» እንደማለት ይጮሃል። ዝም ካለ ወይ ተርቧል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ልቡ ሸፍቷል። ላቀች አረጋውያኑ የሚሰበሰቡበትን ክፍል ግድግዳ በስተውጭ በጡጫ ደለቀችና ጆሮዋን ለጠፈች።

«ማነው ግድግዳ የሚያፈርስ!» አለ አንድ ድምፅ።

«አንተ ዳማህን ተጫወት! ልትበላ ስትል ነው ግድግዳ የሚሰማህ!»

«ማንን ነው የምትበላው? አንተ ቆጮም በወጉ አትበላ!»

ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ። ላቀች ፊቷ በራ። «አንደኛ ደረጃ!» አለች።

«በምን ኢንዲኬተር?» አለች ትሕትና፣ ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ ሳታውቅ።

«በቁጣቸው።»

ማንኪራ ወጥታ ለአባቷ ነገረቻቸው። ስለ ገንፎው፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ዳማው። አቶ ግዛቸው ገመድ እየገመዱ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እስከ ታች አየሽው?»

«እስከ ታች አየሁት አባቴ።»

«ጥሩ አድርገሻል። የሰው ምርመራ አለቀ፤ የንብ ይቀራል። ከግቢው ዛፍ ላይ ባዶ ቀፎ ስቀሉ። ንብ ከገባበት እኔም እገባለሁ። ንብ ያልወደደው ቤት እኔ ምን ቆርጦኝ?»

ላቀች ዛፉን የት አየሁት ብላ አሰበች፤ ከበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ተስማማች። ቀፎውን የሰቀለው ወፍራሙ ዘበኛ ቢሻው ነው፤ አቶ ግዛቸው በስልክ እየመሩት፣ እየሰደቡትም። ከወረደ በኋላ ዳግመኛ ወንበር ላይ እንኳን እንደማይወጣ በማርያም ማለ።

መጠበቅ ተጀመረ። አረጋውያኑ ዳማቸውን ይዘው ወደ ዋንዛው ሥር ፈለሱ። ቃኚ ንቦች አልፎ አልፎ ይመጣሉ፣ ቀፎው አፍ ላይ ያርፋሉ፣ ገብተው ይወጣሉ፣ ይሄዳሉ።

«ለምን አይገቡም?» ይላሉ እትዬ አስማ።

«ኪራይ ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ ተወደደባቸው» ይላሉ ሰብሃት።

ቡናው አብቦ ረገፈ። ቀፎው ባዶ ነው። ከማንኪራ ግን ወሬ ይመጣል፤ አቶ ግዛቸው ከወትሮው የሚበልጥ ዛፍ አግኝተዋል፤ ጫፉ ከታች አይታይም። ላቀች እንቅልፍ አጣች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ዕድሜዋን ሙሉ ባልዲ አሳማሪዎችን ስትይዝ የኖረች ሴት ራሷ ባልዲ ልታሳምር ተነሳች፤ ከሺሺንዳ ንብ ያለበት አጠር ያለ ቀፎ ገዛች።

ችግሩ ማጓጓዙ ነበር። ንብ የሚጭን ሚኒባስ የለም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ላቀች አሰበችበት። ጎህ ሳይቀድ፣ ንቦቹ ሁሉ ውስጥ እያሉ፣ የቀፎውን አፍ በቅጠል ወተፈች። ቀፎውን አቁማ አባቷ ቤቷ ትተውት የሄዱትን ጋቢ አከናነበችው። አናቱ ላይ ባርኔጣ ደፋችበት። ወደ ኋላ ብላ ስታየው የበረደው ሽማግሌ ሆነ። እንዲያውም ከብዙ ሽማግሌዎች ይልቅ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

የሚኒባሱ ረዳት ሰሚር ቀልጣፋና ሰው አክባሪ ልጅ ነው። «አባት ናቸው?» አላት።

«አጎቴ ናቸው። አሟቸዋል።»

«እግዜር ይማርዎት አባባ!»

ቀፎው ዝም።

«ጆሯቸው አይሰማም» አለች ላቀች።

መኪናው ተነሳ። ከቀፎው ማዶ የተቀመጠች ሴት ለጥቂት ጊዜ ጆሮዋን ሰጠች። «ምን እያሉ ነው? ያንጎራጉራሉ ልበል?»

«ይጸልያሉ።»

«ወይ መታደል! መሐል ላይ ትንፋሽ እንኳን አይወስዱም እኮ!» አለችና አቀርቅራ አብራ መጸለይ ጀመረች። ሰሚር ይህን ሲያይ ዘፈኑን አስጠፋ። ሚኒባሱ በሙሉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የአጎት ጸሎት ብቻ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ጸሎቱ ጎላ፣ ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ተናደዱ መሰለኝ» አለ ሰሚር።

«መንገዱ ነው የሚያናድዳቸው።»

«እኛንስ!» አለ ሾፌሩ።

ማዕከሉ በር ላይ ሲደርሱ ላቀች ፈጥና ቀፎውን ልታቅፍ ጎንበስ አለች። ክፋት ሳይሆን ደግነት ነው ጉድ ያመጣው። ሰሚር «ኧረ እኔ እያለሁ!» ብሎ አጎትየውን በብብታቸው ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ብብት አጣ።

«እናቴ፣ ምን አበሏቸው? እንጨት ሆነዋል እኮ!»

«ተወው ልጄ፣ እኔ…»

ጋቢው በሩ ላይ ተያዘ። ባርኔጣው ተንከባለለ። ውታፉ ወደቀ። አጎት በጠቅላላው መውጣት ጀመሩ።

የሆነውን ሁሉ መተረክ አይቻልም፤ ያየው ሁሉ የሮጠ ነበርና። የምትጸልየው ሴት በመስኮት ወጣች፤ በዚያ መስኮት ሰው ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሾፌሩ በሩን ሳይዘጋ ነድቶ ሄደ፤ ሰሚር ከኋላው እየሮጠ «ሂሳብ!» ሳይሆን «ጠብቀኝ!» ይላል። ቢሻው አፍንጫው ላይ ተነደፈ። ንቦቹ ግን ጥቂት ከዞሩ በኋላ ንግሥታቸውን ተከትለው የማዕከሉ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠለጠሉ።

አረጋውያኑ በከዘራም ያለ ከዘራም ወጡ። እትዬ አስማ እልል አሉ። ሰብሃት ስልክ አንስተው፣ «ጋሽ ግዛቸው! ንቡ መጣ! በራሱ ፈቃድ፣ ከነሠራዊቱ!» ብለው ጮኹ። ላቀች ዝም ብትል ነገሩ ማለቁ ነው። አባቷ ይገባሉ፤ ከዛፍ ይወርዳሉ፤ እሷም ትተኛለች።

አቶ ግዛቸው በሞተር ሳይክል ተፈናጠው ደረሱ። ዘለላውን አዩ። ቀጥሎ መሬቱን አዩ።

«ይሄ ጋቢ የኔ አይደለም?»

ሁሉም ላቀችን አየ።

«አባቴ፣ ንቡ አልመጣም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«በምን?»

«በሚኒባስ።»

አቶ ግዛቸው አጥሩን ይዘው ሳቁ። ሳቁ አላቆም ሲላቸው ሰብሃት ወንበር አመጡላቸው። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ዛፍ ሥር ወድቀው፣ ብቻዎን፣ ጉንዳን ወርሮዎት እንዳላገኝዎት ነዋ!» አለች፤ ድምፁ ካሰበችው በላይ ወጣባት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጋቢያቸውን ከመሬት አነሱ። «ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አንቺ የነገርሽኝ ስለ ገንፎ ነው።»

ከዚያ ተነሱና ሥራ ጀመሩ። ጭስ አጫጭሰው፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ ዘለላውን በባዶ እጃቸው እያፈሱ ወደመጣበት ቀፎ መለሱት። አረጋውያኑ ሲያጨበጭቡ እሳቸው ሳቃቸውን ዋጡ። ቀፎውን ከዋንዛው ሥር በድንጋይ ላይ አሳረፉት። ወጥተው ሊሰቅሉት ገመዳቸውን ሲፈቱ ትሕትና ደረሰች።

«አባባ፣ በፖሊሲያችን ተገልጋይ ዛፍ ላይ መውጣት አይችልም።»

«እኔ ተገልጋይ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ጎብኚ ነዎት። የጉብኝት ሰዓት አልቋል።»

አቶ ግዛቸው አሰቡ። መንገድ ተጉዞ የመጣ ንብ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ካልጠበቁት ወይ ጉንዳን ይበላዋል ወይ ተነስቶ ይሄዳል። ጎብኚ ከሆኑ ዛፍ መውጣት ይችላሉ፣ ማደር ግን አይችሉም። ተገልጋይ ከሆኑ ማደር ይችላሉ፣ መውጣት አይችሉም። ዳማ የሚያውቁት ሰብሃት ከኋላ ሆነው፣ «ተበሉ ጋሽ ግዛቸው» አሉ።

«ለንቡ ስል ነው» አሉ አቶ ግዛቸው፤ ገቡ።

እስካሁንም ለንቡ ሲሉ እዚያው ናቸው። ዳማ ይሸነፋሉ፣ ይጣላሉ፣ ሌሊት ሰብሃት ሲመጡ አብረው ንቡን ለማየት ይወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥ ብሏቸዋል። «መሬት ላይ የተቀመጠ ንብ ዶሮ ነው» ይላሉ። «ቀፎው እላይ ካልወጣ ማንኪራ እመለሳለሁ።» ይህን ሲሉ አይቀልዱም፤ ላቀችም ታውቃለች።

መላው ካሩኮላ ነው፤ ግንበኞች ሲሚንቶ ወደ ላይ የሚስቡበት መዘውር። አንዴ ቅርንጫፉ ላይ ከታሰረ ቀፎው በገመድ ይወጣል፣ ማር ሲቆረጥ በገመድ ይወርዳል፤ ሽማግሌውም ከወንበር አይነሱም። ግን አንድ ሰው ወጥቶ ማሰር አለበት። ቢሻው በማርያም ምሏል። ፖሊሲው ተገልጋይን፣ ከቢሻው ወዲህ ደግሞ ሠራተኛንም ይከለክላል። ትሕትና ደጋግማ አንብባው ስለ ቤተሰብ ምንም እንደማይል አረጋገጠች።

ስለዚህ ላቀች፣ አርባ ስምንት ዓመት የሞላት የተከበረች ማር ገዢ፣ ከገበያ ስትመለስ የሟች ባሏን ሱሪ ታጥቃ ዛፍ መውጣት ትማራለች።

«እግርሽን ቅርፊቱ ላይ ትከዪው እንጂ! ዳንስ ነው?» ይላሉ አቶ ግዛቸው ከወንበራቸው።

«ወጣሁ እኮ አባቴ!»

«ከመሬት የተነሳሽው እንደ ዶሮ ነው። እንደገና!»

«አይዞሽ ልጄ» ይላሉ እትዬ አስማ፤ «እኔም በልጅነቴ ወጥቻለሁ፤ አማቴ ስትመጣ።»

ላቀች ገመዱን ወደ ላይ ወርውራ ታጠብቃለች። ካሩኮላው ወገቧ ላይ ይንቃጨላል። ትናንት የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሥር ደርሳ ነበር፤ ዛሬ እጇ ነካው።

«ወደ ታች አትዪ!» ይላሉ አባቷ፣ ወንበሩን ለቀው ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ከሥሯ ዘርግተው። «እኔ እያየሁሽ ነው፤ አንቺ ወደ ላይ ብቻ።»